ነጥቦቹ ተቆጥረዋል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሮቤ ሰው የተበላሸ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ወደ ቤቴ መምጣት ጀምሯል። «ኦቦ ከድር ሥራ ፈቷል፣ እጁን ያፍታታበት» ይባባላሉ መሰለኝ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልበትም። እያጉረመረምኩ ከፍቼ አየዋለሁ፤ የሚሠራውን ሠርቼ፣ የማይሠራውን «ይኼ አልቆለታል፣ አላህ የተሻለ ይተካልህ» ብዬ እሸኛለሁ። ባለቤቴ ራህመት ሳሎናችን ሱቅ ሆነ ብላ ታኮርፋለች። አልፈርድባትም።

ልጆቼ ሥራዬ ምን እንደነበር ዛሬም በቅጡ አያውቁትም። «አባባ ኮምፒውተር ይጠግናል» ይላሉ። ውሸት አይደለም። ግን የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታቴን የበላብኝ አንድ ኮምፒውተር ነው፤ እሱም በእጅ የማይዳሰስ፣ በሌላ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚኖር። ስለ እሱና ስለ መምህሬ ስለ ጋሽ ጌታሁን ልጻፍ ብዬ ነው የተነሳሁት። ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ደስ የሚል የፈለገ ሰው ሌላ በር ያንኳኳ።

ሥራ የጀመርኩት ሮቤ ገበያው ዳር፣ አጎቴ በነበረው የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ውስጥ ነው። ምዕመኑ ለዝያራ በሚሰበሰብበት ሰሞን ሼክ ሁሴን መስጊድ ድረስ ሄዶ ድምጽ ማጉያ የሚጠግን ሰው ሲጠፋ እኔ እላካለሁ፤ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲገባ እኔ እጠራለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ሳላስበው የኮምፒውተር ሰው ሆንኩ። አለቆቼ ብዙ ነበሩ። አንዱ ማሽን እምቢ ሲለው በጥፊ ይመታው ነበር። ሌላው ስለ ማሽኑ አንዳች ሳያውቅ ሁልጊዜ «ገብቶኛል» ይላል። የባሰው ሁለተኛው ነው። ደመወዙን አላነሳም፤ አንዳንድ ወር ያደርሳል፣ አንዳንድ ወር አያደርስም።

ሥራ የተማርኩት ግን አንድ ሰው ዘንድ ነው። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል ነበር፤ ራጅ ያነሳል፣ ደም ይመረምራል። ዛሬ ስሙም ባለቤቱም ተቀይሯል፣ ስሙን መጥራት ለማንም አይጠቅምም። እዚያ ስቀጠር የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ጌታሁን ነበሩ። ክፍሉ ማለት እሳቸውና አንድ ጠረጴዛ ናቸው። አያታቸው ከመንዝ መጥተው ጎባ የሰፈሩ ናቸው፤ የእሳቸው ኦሮምኛ ግን ከእኔ የጠራ ነው። ከእናቴ ጋር ሲጨዋወቱ የማያውቁት የቆየ ቃል የለም፤ እኔ መሃል ተቀምጬ ትርጉም እጠይቃለሁ። እናቴ «ይኼን ልጅ በማን አገር ቋንቋ ነው ያሳደግሽው ይሉኛል» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ጋሽ ጌታሁን የተበላሸ ኮምፒውተር ፊት ሲደርሱ እጃቸውን አይዘረጉም። ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ «ማን ነበር ፊቱ የተቀመጠው?» ይላሉ። ሰውየው ይጠራል። «ምን አየህ?» ይሉታል። «ተበላሸ» ካለ አይቀበሉትም። «ተበላሸ የእኔ ቃል ነው፤ አንተ ያየኸውን ንገረኝ» ይሉታል። ጠቆረ? ተንቀጠቀጠ? ፊደሉ አነሰ? ድምጽ ነበረው? እኔ መጀመሪያ ሰሞን ትዕግሥቴ ያልቅ ነበር። እጄን ልኬ እነካካለሁ። እሳቸው ያን ጊዜ ከኪሳቸው ንጹሕ መሐረብ አውጥተው ስክሪኑን ይወለውላሉ፣ እኔን ግን አያዩኝም። ይኼ ቁጣቸው ነበር። ደግሞ ጨርሰው ሲነሱ «ተሠራ» አይሉም። «ለጊዜው ያያል» ብለው ይወጣሉ።

አሁን ስለ ኮምፒውተሩ ልናገር። የራጅ ማሽኑ ከውጭ በእርዳታ የመጣ ነው፤ ሥዕሉን የሚከፍተው ፕሮግራም አብሮት መጣ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በአንድ አሮጌ ሲስተም ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ያንን አሮጌ ኮምፒውተር አቃጠለው። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ቢፈለግ የለም፣ ከስሟል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ «አዲስ ማሽን የምገዛበት የለኝም» አለ። ጋሽ ጌታሁን ከተቃጠለው ኮምፒውተር ውስጥ ሃርድ ዲስኩን ብቻ አወጡና ይዘውት ተሰወሩ። ሲመለሱ አሮጌው ኮምፒውተር እንዳለ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በአንድ መስኮት ውስጥ ይሠራ ነበር። ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ይኼ ነው፤ አካል የሌለው ኮምፒውተር።

«ሰውየው ሞቷል፣ ነፍሱን ሌላ ገላ ውስጥ አስገብቼዋለሁ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይኼማ በእናንተም በእኛም ሃይማኖት አይፈቀድም» አልኳቸው።

«ለአባ አትንገርብኝ፣ እኔም ለሼኩ አልነግርብህም» አሉ። ከዚያ በኋላ አካል ያለውን ኮምፒውተር «ባለቤት»፣ ውስጡ የሚኖረውን «እንግዳ» እያልን መጥራት ጀመርን።

እንግዳው የራሱ ስክሪን የለውም፤ የባለቤቱን ይዋሳል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ውሰት ነው። ባለቤቱ ራሱን በራሱ ባደሰ ቁጥር እንግዳው ይታመማል። አንድ ቀን ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ ድምጹ ይሰማል፣ የመዳፊቱ ቀስት ይንቀሳቀሳል፣ ከኋላው ግን ጨለማ ነው። ሌላ ቀን ሥዕሉ መሃል ላይ ኩርምት ብሎ ትንሽ ይሆናል። ሌላ ቀን ይርገበገባል። እኔ እያንዳንዱን እንደ አዲስ በሽታ ስደነግጥ ጋሽ ጌታሁን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ይገቡ ነበር። «እንግዳ ሲታመም በመጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቅ» ይላሉ። ሁለት የስክሪን ፎቶ ያነሳሉ፤ አንዱን ከእንግዳው ውስጥ ሆነው፣ አንዱን ከውጭ፣ ከባለቤቱ። የውስጡ ፎቶ ደህና ከሆነና የውጭው ከተበላሸ እንግዳው ጤነኛ ነው፤ ሥዕሉ የተበላሸው መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም ከተበላሹ በሽታው ውስጥ ነው። ይኼን ካወቅህ በኋላ የት እንደምትነካ ታውቃለህ፤ ለስክሪን የተመደበለትን ሜሞሪ ትጨምራለህ፣ ወይ ሥዕል የሚያፋጥነውን ስሪ ዲ ማፍጠኛ ታጠፋለህ፣ ወይ ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አውጥተህ እንደገና ትጭናለህ። በየተራ፤ አንድ ነገር ነክቶ ማየት፣ ሌላ ነገር ነክቶ ማየት። ሁለት ነገር በአንዴ የነካ ሰው ምን እንዳዳነው አያውቅም።

የሚያስቅም ነገር ነበረ። አንድ ጊዜ አቶ ደረጀ «እንግዳችሁ ጠፋ» እያለ እየሮጠ መጣ። ጋሽ ጌታሁን እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ጠየቁት። ለካስ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ሁለተኛ ስክሪን ነቅሎ ቢሮው ወስዶታል፤ እንግዳው ደግሞ በሌለው ስክሪን ላይ ነው የተከፈተው። «እንግዳው አልጠፋም፤ አልጋውን ከሥሩ የወሰድከው አንተ ነህ» አሉት። አቶ ደረጀ «ገብቶኛል» አለ። ያ «ገብቶኛል» ባዩ አለቃ እሱ ነው፣ ካልነገርኳችሁ።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቹ ልምጣ። ለራጅ ስክሪኑ መብራቱ ብቻ አይበቃም። ራጅ ማለት ከጥቁር እስከ ነጭ ያለ ግራጫ ነው፤ በሽታው የሚደበቀው በሁለት የሚቀራረቡ ግራጫዎች መሃል ነው። ስለዚህ ጋሽ ጌታሁን በገዛ እጃቸው አንድ ሥዕል ሠሩ። ከጥቁር ጀምሮ ወደ ነጭ የሚወጣ ደረጃ ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጥብ አለች። ነጥቧ ከተቀመጠችበት ደረጃ በትንሹ፣ በጣም በትንሹ ነው የምትፈካው። ስክሪኑ ደህና ከሆነ ሁሉም ነጥቦች ይታያሉ። ስክሪኑ የሚያሳየው የቀለም ብዛት ከወረደ ደረጃዎቹ እንዳሉ ናቸው፣ ነጥቦቹ ግን ይጠፋሉ። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከስክሪኑ ሳያስነኩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ዳዊት የሚደግሙ ይመስላሉ። ሳይቆጠር ሰው አይነሳም፤ ወረፋው እስከ ግቢው በር ቢደርስም አይነሳም።

ጡረታ ሲወጡ ለእኔ የተዉልኝ ይኼንን ነው። የመሸኛ ሻይ ላይ አቶ ደረጀ ብዙ ተናገረ። እሳቸው ተነስተው «ከድር ነጥቦቹን ይቆጥራል» ብለው ተቀመጡ። ሌላ ንግግር አላደረጉም።

የራጅ ክፍሉ ባለሙያ ሐሊማ ትባላለች፤ የጊኒር ልጅ ናት፣ እጇ ፈጣን፣ ከበሽተኛ ጋር ቀልድ የምታውቅ። እኛ ጋ ራጅ የሚያነብ ስፔሻሊስት አልነበረም። የሚያነብልን አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ነው። የሚላክለትም እንዲህ ነበር፤ ሐሊማ ሥዕሉን በስክሪኑ ላይ ትከፍታለች፣ በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች፣ በቴሌግራም ትልካለች። እኔ ዋናው ፋይል ይላክ ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅሁ። ፋይሉ ከባድ ነው፣ ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው። የስልኩ ፎቶ ግን በአንድ አፍታ ይደርሳል። አገሩ ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ስለሆነ እኔም ተውኩት። ሐኪሙ የሚያየው እንግዲህ ስክሪኑ ያሳየውን ብቻ ነው።

ክረምቱ ሲገባ አቶ ደረጀ አንገቱ በምትባለው ከተማ ትንሽ ቅርንጫፍ ሊከፍት ተነሳና ዕቃውን እንድተክል ላከኝ። የሳነቴን አምባ ስናቋርጥ ጉሙ ከመኪናው መብራት አልፎ አያሳይም፤ ሐረና ጫካ ስንገባ ዝናቡ ያዘን። የአንገቱ ከተማ ሰው ደግ ነው፣ ቡናውም ቡና ነው፤ ኔትወርክ ግን ከመስጊዱ ጀርባ ያለችው ጉብታ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። እዚያ ቆሜ ለራህመት ስደውል የሐሊማ ስልክ ገባ።

«ጋሽ ከድር፣ መብራት ሄዶ መጣ። እንግዳው ጥቁር ሆነብኝ።»

«ምን አየሽ? ቀስቱ ይንቀሳቀሳል?»

«ይንቀሳቀሳል። ከኋላው ጨለማ ነው። ሰዉ ግቢውን ሞልቶታል፣ ከደሎ መና የመጡ አሉ፣ ማደሪያ የላቸውም።»

እንግዳውን እንድትዘጋው አደረግሁ። ስሪ ዲ ማፍጠኛውን እንድታጠፋ፣ እንደገና እንድታስነሳው ነገርኳት። ዝናቡ አንገቴ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ቆይታ «መጣ፣ መጣ፣ አልሐምዱሊላህ ተከፈተ» አለች።

«ነጥቦቹን ቁጠሪ» አልኳት። መስማቷን አላውቅም። መስመሩ ተቋረጠ።

ደግሜ ደወልኩ፣ የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ጉብታው ላይም ኔትወርክ ጠፋ፤ አንቴናውን መብረቅ መትቶታል ተባለ። መንገዱም ተቆረጠ። ሥራዬን ጨርሼ፣ ጭቃው ጠጥሮ መኪና እስኪያልፍ ጠብቄ ነው የተመለስኩት። ማዕከሉ ስደርስ ሐሊማ ወረፋዋን እያስተናገደች ነው፣ ስክሪኑ ይሠራል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ተቀምጬ የደረጃውን ሥዕል ከፈትኩት።

አንድም ነጥብ የለም።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። መብራቱ ሲሄድ የእንግዳው ድራይቨር ተበላሽቷል። እንግዳው ሲነሳ ድራይቨሩን ስላጣ አብሮት በተወለደው ተራ ድራይቨር ተነሳ፤ ያ ደግሞ ግራጫውን ከሚገባው እጅግ ባነሰ ቁጥር ነው የሚያሳየው። ጽሑፉ ይነበባል፣ አጥንቱ ይታያል፣ ማንም ተበላሸ አይልም። ድራይቨሩን እንደገና ጫንኩት፣ ነጥቦቹ ተመለሱ። ሐሊማ አጠገቤ ቆማ ፊቷ አመድ መሰለ። «ስልኩ ሲቋረጥ ስለ ነጥብ ያሉትን አልሰማሁም፤ ብሰማም ወረፋው...» ብላ አልጨረሰችውም።

አቶ ደረጀ ጋ ገባሁ። በእነዚያ ቀናት ራጅ የተነሱት ሁሉ ፋይላቸው አለ፤ አሁን በደህናው ስክሪን ላይ ከፍተን እንደገና እንላካቸው አልኩት። «ሐኪሙ አይቶ መልስ ሰጥቷል። ባይታየው አይታየኝም ይል ነበር» አለኝ። አስረዳሁት። «ገብቶኛል» አለ፤ እንዳልገባው አውቃለሁ። እኔና ሐሊማ ሳናስፈቅድ ጀመርነው። የቅርቦቹ በሽተኞች ገና ሩቅ አልሄዱም ብለን ከመጨረሻው ቀን ተነስተን ወደ ኋላ መላክ ያዝን። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ግን አንድን ሰው ሁለቴ ለምን ታስነብቡኛላችሁ ብሎ አቶ ደረጀ ጋ ደወለ። አቶ ደረጀ መጣና «ስማችንን ልታጠፉ ነው? በሽተኛው ምን ይላል?» ብሎ አስቆመን። የመጀመሪያው ቀን ላይ ገና አልደረስንም ነበር። እስከዚያ ድረስ ከተላኩት ውስጥ የተለወጠ መልስ አልመጣምና እኔም ዝም አልኩ።

ክረምቱ አልፎ፣ መኸሩ ገብቶ፣ ኮምባይነሮቹ የሮቤን ሜዳ አጭደው ከጨረሱ በኋላ ጋሽ ጌታሁን ደም ተፉ ተባለ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ናቸው በስልክ የነገሩኝ። አዲስ አበባ ወስደዋቸው ነበር፤ ሳንባቸው ላይ ያለው ነገር ተስፋፍቷል፣ ቢላዋ አይነካውም ተብለው ተመለሱ። በዚያው ቀን ሐሊማ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች፤ ቀና ብላ አታየኝም።

«ጋሽ ጌታሁን ያኔ እኛ ጋ ራጅ ተነስተው ነበር» አለች። «እርስዎ አንገቱ እያሉ። ሳል ይዟቸው። ለከድር እንዳትነግሪው፣ ይጨነቃል ብለው አስማሉኝ። መልሱ ደህና ነው ብሎ መጣ። እሳቸው ደህና ናቸው ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት።»

«የትኛው ቀን?»

«መብራት የሄደ ቀን።»

እንግዳውን አስነሳሁ፣ ነጥቦቹን ቆጠርኩ፣ ከዚያ የእሳቸውን ፋይል ከፈትኩት። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከአንገት አጥንታቸው በታች፣ ከጎድን አጥንቱ ኋላ፣ ትንሽ ደመና ተቀምጣለች። ቀለሙን አውርጄ ያኔ በነበረበት መንገድ አየሁት፤ ደመናዋ ጠፋች። መልሼ አነሳሁት፣ መጣች። ፋይሉ ሁሉን ነገር ይዞ ነበር። ሐሊማ ከኋላዬ ታለቅሳለች። እኔ ደጋግሜ ቀለሙን አወርዳለሁ፣ አነሳለሁ።

ጎባ ቤታቸው ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተውላቸው ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የቀረው። እትዬ የሺ ወተት አቀረቡልኝና ገቡ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኛል። እሳቸው ናቸው የጀመሩት።

«አየኸው አይደል?»

«አየሁት ጋሼ።»

«ነጥቦቹ አልነበሩም።»

ያልሰማሁ መሰለኝ። «እርስዎ በምን አወቁ?»

«ሸሚዜን ስቆልፍ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ስክሪኑን አየሁት። የደረቴ ጥላ ልስልስ ብሎ መውረድ ሲገባው እንደ እርከን ተቆራርጧል። ወዲያው ነው ያወቅሁት። እኔ ይኼንን ሳላውቅ ማን ሊያውቅ ነው?»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ሳሉ፤ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ያ ስክሪን የሚወለውሉበት ዓይነት መሐረብ ነው። «ልጅቷ ላይ ወረፋ ነበረባት» አሉ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስክሪንሽ ተበላሽቷል ልበላት? ደረጀም እዚያው ቆሟል። ሽማግሌው ጡረታ ወጥቶም አለቅ አለን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ወንበሩ የአንተ ሆኗል፤ በአንተ ወንበር ላይ እኔ መናገር ደስ አላለኝም።»

«እኔ ኮ አልነበርኩም ጋሼ።»

«ታዲያ እሱ ነው። ሰውየው በሌለበት ሥራውን ማማት ይመስላል። ደግሞ ከድር ሲመጣ ይቆጥራል፣ ያገኘዋል፣ እንደገና ያስነብባል ብዬ ነበር።»

መጥቻለሁ። ቆጥሬያለሁ። አግኝቼዋለሁም። እንደገና ማስነበብ የጀመርኩት ግን ከመጨረሻው ቀን ነው፤ አቁም ስባል ዝም ብዬ ቆምኩ። ይኼን ሁሉ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያኔ ቢታይ ኖሮ ይድኑ ነበር ወይ ብዬ አንድ ሐኪም ጠይቄያለሁ» አልኳቸው።

«ምን አለህ?»

«ምናልባት አለ።»

«ምናልባት» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሉኝታ ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ጨዋነት ነው ብዬ። እናቴም ያሳደገችኝ በዚያ ነው።» ከዚያ ወተቱን ጠጣ ብለው ወሬ ቀየሩ። ስለ እንግዳው ጠየቁኝ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ዩፒኤስ እንዲገዛ አቶ ደረጀን እንዳሳምነው መከሩኝ። ስወጣ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ፤ እኔም ለማላቀቅ አልቸኮልኩም።

ከጥምቀት በኋላ አረፉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ቀበራቸው። እናቴ አርጅታ መሄድ አልቻለችም፤ ቤት ውስጥ ተቀምጣ እሳቸው በሚያውቁት በዚያ የቆየ ኦሮምኛ ስታለቅስላቸው ሰማኋት፣ እኔም ግማሹ አልገባኝም። አቶ ደረጀ ቀብሩ ላይ ንግግር አደረገ። ዩፒኤሱን ግን ገዛ፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ።

እኔ እንግዳው ሲነሳ ከሁሉ በፊት የደረጃው ሥዕል እንዲከፈት አድርጌ አስተካከልኩት። ነጥቦቹን ሳያይ ማንም ወደ ራጁ አያልፍም። ሐሊማ እያንዳንዱን ነጥብ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች፤ በሽተኞቹ ጸሎት ይመስላቸው ነበር። ቆይታ አግብታ ወደ ሻሸመኔ ሄደች፣ በእሷ ቦታ ቶለሳ የሚባል ወጣት ገባ። ማዕከሉ ተሸጠ፣ አቶ ደረጀ ሄደ፣ እኔም ዕድሜዬ ደርሶ ጡረታ ወጣሁ። እንግዳው ግን ዛሬም አለ። ማዕከሉን የገዙትም ሰዎች አዲስ ማሽን የሚገዙበት የላቸውም።

ባለፈው ወር ሳል ያዘኝ። ብርዱ ነው ብዬ ነበር፤ ራህመት ግን እየገፋች ላከችኝ። ወረፋ ጠብቄ ገባሁ፣ ሸሚዜን አውልቄ ደረቴን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ፣ ቶለሳ «አይተንፍሱ» አለኝ፣ ተነሳሁ። ሸሚዜን ስቆልፍ በሩ ክፍት ነበር። ስክሪኑ ከዚያ አይታየኝም፤ ዓይኔም ደክሟል። ከውጭ ወረፋው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅም እዚያው ወረቀት ይፈርማል።

«ቶለሳ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ነጥቦቹ ተቆጥረዋል?»

ሥራ አስኪያጁ ቀና አለ። ቶለሳ ፈገግ አለና «ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተው የለ እንዴ? ይረፉ እንጂ» አለኝ። ወረፋው ላይ አንዱ ሳቀ። ከሶፍ ዑመር በኩል የመጡ ልጅ ያዘሉ ሴትዮ «እኛም እኮ ሰው ነን፣ ያስገቡን» ብለው አጉረመረሙ።

«ቁጠርና ንገረኝ» አልኩት።

የእኔን ሥዕል ዘጋ። የደረጃውን ሥዕል ከፈተ። ጣቱን እየነቀነቀ፣ እያሰማኝ፣ ትንሽም እየቀለደብኝ ቆጠረ። ሁሉም ነጥቦች ነበሩ፤ አንድም አልጎደለም። «ይኸው ጋሼ፣ ደስ አለዎት?» አለኝ። ደረቴም ብርድ ብቻ ነው ተባለ። ፊቴ ጋለ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ሃፍረቱ እስከ ግቢው በር ድረስ አብሮኝ መጣ። ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ ትቶኛል። ጋሽ ጌታሁን ፈርተውት የሞቱት ይኼንን ያህል ነበር።